«አይስማማኝም» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? የምግብ አለርጂና የምግብ አለመስማማት

በፋሲካ ሰሞን በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ «ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። 55 ቀን ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ በአንድ ቀን ዶሮ ወጥ፣ አይብና ወተት ሲወርድበት ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዱንም ወደ ጓሮ ያስሮጣል። በዚያው መሶብ ዙሪያ ደግሞ አይብ የነካ ጣት ከንፈሩን ስለነካው ብቻ ፊቱ የሚያብጥ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ስለ ሁለቱም የሚባለው አንድ ነው፦ «አይስማማውም»።

የመጀመሪያው፣ የምግብ አለመስማማቱ፣ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ሁለተኛው፣ አለርጂው፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ለመጀመሪያው ሰው ከወተት ተዋጽኦ ከሚሻሉት አንዱ የሆነው አይብ፣ ለሁለተኛው ከሚከፉት አንዱ ነው። ስለዚህ «አይስማማኝም» ካልን በኋላ «እንዴት ነው የማይስማማኝ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

አለርጂ ሲነሳ ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

በደጋው አጥር ሥር የሚበቅለው ሳማ ያልለበለበው የገጠር ልጅ የለም። የሳማው ጥቃቅን ፀጉር ቆዳ ውስጥ ሲሰበር ከሚያፈሳቸው ነገሮች አንዱ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ነው። የነካው ቦታ ወዲያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል።

ይኸው ሂስታሚን በራሳችን ሰውነት ውስጥም አለ። ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ በቆዳ፣ በአንጀትና በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። አለርጂ ያለበት ሰው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በምግቡ ውስጥ ያለን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥርና አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። አይጂኢው ማስት ሴሎቹ ላይ ተለጥፎ እንደ ተጠመደ ወጥመድ ይጠብቃል። ወጥመዱ እስኪጠመድ ድረስ ምንም አይታይም፤ «እስከ ዛሬ እየበላው ኖሯል እኮ!» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከተጠመደ በኋላ ፕሮቲኑ ሲነካው ግን ሂስታሚኑና ሌሎቹ ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ይፈስሳሉ። ሳማው ከውስጥ ለበለበ ማለት ነው።

በዚህ የተነሳ እውነተኛ አለርጂ ፈጣን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ወጥመዱን ለማስፈንጠር ብዙ ምግብ አያስፈልግም፤ ማንኪያ ላይ የቀረ ቅሪት ሊበቃ ይችላል። ማስት ሴል በየአካሉ ስላለም ነገሩ ሆድ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቆዳ፣ ጉሮሮ፣ ሳንባ፣ የደም ዝውውርም ይነካል።

አለመስማማቱስ ከምን ይመጣል?

እዚህ የመከላከያ ሥርዓቱ እጅ የለበትም። ወተት ውስጥ ያለው ስኳር፣ ላክቶስ፣ ሁለት ስኳሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ያልተፈለጠ ግንድ ምድጃ እንደማይገባ ሁሉ ላክቶስም ለሁለት ሳይፈለጥ ወደ ደም አይገባም። መጥረቢያው ላክቴዝ የሚባል የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ነው። ሕፃናት ከሞላ ጎደል ሁሉም አላቸው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ግን ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ይህ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም።

ያልተፈለጠው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ሆድ መንፋት፣ ጋዝ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። የችግሩ ልክ የሚወሰነው በመጠኑ ነው። አንድ ሩብ ሊትር ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ላክቴዝ ያነሳቸው ብዙ ሰዎች ይህን ያህሉን፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። ሁለትና ሦስት ብርጭቆ ሲሆን ነው ሆዱ የሚያምፀው።

የፋሲካው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትንሽ ትንሽ ወተት በየቀኑ የሚያገኝ ትልቅ አንጀት ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ይለምዱታል። በጾሙ ወራት ልማዱ ይላላል። በግማሽ ብርጭቆ ጀምሮ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ወይም ከወተቱ በፊት እርጎ ማስቀደም ብዙውን ሰው ይጠቅመዋል።

ተቅማጥ ይዞት የከረመ ሰው፣ በተለይ ጃርዲያ ያመመው፣ የአንጀቱ ሽፋን ስለሚጎዳ ላክቴዙ ለሳምንታት ሊቀንስበት ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ከታከመ ይመለሳል። ያልፈላ ወተት ጠጥቶ የተቀማጠ ሰውም ጀርሙን ይጠርጥር፤ «አለርጂ አለብኝ» ብሎ ወተት ከመተው አፍልቶ መጠጣት ይቀድማል።

ወተቱ ከላም እስከ አይብ ድረስ ምን ይሆናል?

ወተቱን በቤት ውስጥ ተከትለን እንሂድ። የታለበው ወተት ቅል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ የእርጎ ባክቴሪያዎች የስኳሩን ከፊል ይበሉታል፤ ኮምጣጣነቱ ከዚያ ነው። ስለዚህ እርጎ ከጥሬ ወተት ያነሰ ላክቶስ አለው። ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ ቅቤ ስብ ስለሆነ ላክቶሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የቀረው አሬራ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ይቋጥርና አጓቱ ይጠለላል። ላክቶሱ በውኃ የሚሟሟ ነውና አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። በእጃችን የሚቀረው አይብ ጥቂት ስኳርና ብዙ ፕሮቲን ነው።

አሁን ሁለቱን ሰዎች እናምጣ። ላክቶስ የማይስማማው ሰው አይቡን፣ ቅቤውን፣ ብዙ ጊዜም እርጎውን ይበላል፤ ጥሬ ወተቱንና አጓቱን ይቀንሳል። የወተት አለርጂ ያለበት ግን ጠላቱ ፕሮቲኑ ነው፤ አይብ ለእሱ የተጠራቀመ ፕሮቲን ነው። ንጥር ቅቤም ቢሆን የፕሮቲን ቅሪት ስለማያጣ ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርም። «የፍየል ወተት ስጡት» የሚለው ምክር በቅን ልቦና የሚሰጥ ቢሆንም አደገኛ ነው። የላምና የፍየል ወተት ፕሮቲኖች እጅግ ስለሚመሳሰሉ በላም ወተት የሚያብጠው ልጅ በአብዛኛው በፍየሉም ያብጣል። የበግም እንደዚያው።

ስንዴና ገብስ ለማን አይሆኑም?

ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ቅንጬው፣ ገንፎው፣ የጠላው ብቅል ሁሉ ገብስ ነው። ስለዚህ ሴልያክ የሚባለው ሕመም እዚህ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ሴልያክ ቅጽበታዊ አለርጂ አይደለም፤ ተራ አለመስማማትም አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን አንጀት ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ክር ብቅ ብቅ ያለ ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ክር ነው። በሴልያክ ክሩ ተበልቶ ምንጣፉ ይላጫል። ከዚያ የሚከተለው የማያባራ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ በብረት ኪኒን የማይድን ደም ማነስና የልጅ አለማደግ ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ደም ማነሱ ብቻ ይታያል፣ ሆዱ ደህና ነው።

መድኃኒቱ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝም የላቸውም። ችግሩ «ጤፍ» የምንለው ሁልጊዜ ጤፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ በየቤቱ ይጋገራል። ንጹሕ ጤፍ ቢገዛ እንኳ ወፍጮ ቤት ከፊቱ የተፈጨው የሰው ስንዴ በድንጋዩ መካከል ቀርቶ ይጠብቀዋል። ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ ወሰን በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ነው፤ አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ውስጥ ያለው ግን በግራም ይቆጠራል። ጥቂት ዱቄት እንኳ ወሰኑን ያልፋል።

ስለዚህ በወፍጮ ቤቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ከጽዳት በኋላ፣ ቀዳሚ መሆን ይሻላል። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ሁለት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለታማሚው መያዝ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ቡሃቃው፣ እርሾውና ወንፊቱ የራሱ ይሁን። ከድብልቅ ሊጥ የተያዘ እርሾ ግሉተን ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠላ ከገብስ ብቅል ስለሚጠመቅ ይቀራል።

ስንዴ ሌላም መልክ አለው፤ እውነተኛ የስንዴ አለርጂ። እሱ እንደ ወተቱ ፈጣን ነው። አንዳንድ ሰው ላይ የሚነሳው ደግሞ ዳቦ በልቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ሲበላው ምንም የማይሆን ሰው ዳቦ ቀምሶ አጨዳ ሲገባ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ራሱን ሊስት ይችላል።

በመሶባችን ላይ ሌላ ማን አለ?

በዓለም ላይ አለርጂ አብዝተው የሚያስነሱት ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ ካሹና አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ፣ እንዲሁም ሰሊጥ ናቸው። የአውሮፓ ሕግ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፉ ከሚያስገድዳቸው 14ቱ ውስጥ ሁለቱ ለእኛ ቅርብ ናቸው፦ ግብጦና ሰናፍጭ። ግብጦ የኦቾሎኒ ዘመድ ስለሆነ ኦቾሎኒ የሚያሳብጠውን ሰው ሊያሳብጠው ይችላል። አብሽም እንደዚሁ የጥራጥሬ ወገን ነው። ሰናፍጭ በስልጆ ውስጥ አለ። ምስር፣ ሽምብራና አተርም አለርጂ ያስነሳሉ። ሽሮ ደግሞ የብዙ ጥራጥሬና ቅመም ድብልቅ ነውና «ሽሮ አይስማማውም» ከማለት በፊት ውስጡ የገባውን አንድ በአንድ መጻፍ ይገባል።

ባቄላና ክክ ሆድ ሲነፉ ግን አለርጂ አይደለም። ሰው ኢንዛይም የሌለው ስኳር ስላላቸው ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል ይቀንሰዋል።

ከባቄላ ጋር የሚምታታ ከባድ ነገርም አለ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሳቸው ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች፣ በተለይ እሸት ባቄላ በበሉ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል። ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ይገረጣሉ። ይህ የታየበት ሰው ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ወደ ሸዋሮቢት ቆላ ወርዶ ወባ ቢይዘውም ፕሪማኪን የሚባለውን የወባ ኪኒን ከመውሰዱ በፊት ይህን ይናገር፤ ያው ጉዳት በኪኒኑም ይመጣል። ጓያም ሰው ሽባ የሚያደርገው በአለርጂ አይደለም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ስላለው ነው።

መቼ ነው መሮጥ ያለብን?

ከንፈር አካባቢ ያለ ሽፍታ ወይም ማሳከክ ብቻ ከሆነ ሴቲሪዚን ወይም ሎራታዲን የሚባለው የአለርጂ ኪኒን ሊበቃ ይችላል፤ ሰውየውን ግን ብቻውን አይተዉት። የሚከተሉት ከታዩ ነገሩ አናፊላክሲስ ነው፤ የሞት አፋፍ ላይ ነን ማለት ነው፦ ድምፅ መጎርነን፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ማበጥ፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ከሽፍታ ጋር፣ መዝለፍለፍ፣ መገርጣት፣ ራስን መሳት። ሕፃን ድንገት ከዛለና ከገረጣ እንደዚያው ነው። ቆዳው ላይ ምንም ሽፍታ ሳይወጣ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ «ሽፍታ የለውም» ብሎ መዘናጋት ሰው ያስገድላል።

የሚያድነው አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው። የአለርጂ ኪኒን ለመሥራት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ የተዘጋ ጉሮሮም አይከፍትም፣ የወደቀ የደም ግፊትም አያነሳም። በሌላው ዓለም በሽተኞች በኪሳቸው የሚይዙት ራሱን የሚወጋ መርፌ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ያለው አምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ የታሸገበት ትንሽ ብልቃጥ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከሚይዘው አምፑል መጠኑ በ1 ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊ ሊትር ነው፦ ለ10 ኪሎ ልጅ 0.1፣ ለ20 ኪሎ 0.2፣ ለአዋቂ ቢበዛ 0.5 ሚሊ ሊትር። በጭን የውጭ ጎን መካከል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ቤተሰብ ዛሬውኑ በቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ገብቶ «አድሬናሊን አላችሁ? ሌሊትስ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መንገዱ ሩቅ ለሆነበት ሰው ሐኪሙ አምፑልና ስሪንጅ አዝዞ አወጋጉን ሊያስተምር ይችላል።

መጓጓዣው ራሱ ሕክምና ነው። የተዝለፈለፈ ሰው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። በእግሩ አይሂድ፤ በበቅሎ ላይም ቀጥ ብሎ አይቀመጥ። ድንገት መቆሙ ብቻ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ቃሬዛ እዚህ ላይ ከበቅሎ ይበልጣል። ትንፋሽ ብቻ ያጠረው ግን ቁጭ ይበል፤ የሚያስመልሰው በጎኑ ይተኛ። ለማስመለስ ጣት አይክተቱበት፤ ወተትም ውኃም አያጠጡት። ጸበሉና ጸሎቱ ከመርፌው ጋር እንጂ በመርፌው ፈንታ አይሁን። ከተሻለውም በኋላ ለሰዓታት በጤና ተቋሙ ይቆይ፤ ምግቡን ሳይደግም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

በምን ይታወቃል?

ከምርመራ ሁሉ የሚቀድመው ታሪኩ ነው። ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር ይጻፍ፦ ምን ተበላ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ምልክቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ መጣ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ከምግቡ በኋላ ከባድ ሥራ ነበር ወይ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ወይም አልኮል ተወስዶ ነበር ወይ። ፈጣንና በትንሽ መጠን የሚደጋገም ከሆነ ወደ አለርጂ ያመለክታል፤ የዘገየ፣ ሆድ ላይ ብቻ ያተኮረና ከመጠን ጋር የሚጨምር ከሆነ ወደ አለመስማማት።

ለአለርጂ የቆዳ ፍተሻ አለ። የምግቡ ጠብታ ክንድ ላይ ተደርጎ ቆዳው በስሱ ይጫራል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ከማነጻጸሪያው በ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ እብጠት ከታየ አዎንታዊ ይባላል። ከፍተሻው በፊት የአለርጂ ኪኒን ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆማል። በደም ውስጥ ለአንድ ምግብ ተለይቶ የተሠራ አይጂኢም ይለካል። ግን «አዎንታዊ» ማለት ወጥመዱ ተጠምዷል ማለት እንጂ ይፈነጠራል ማለት አይደለም፤ ምግቡን በሰላም የሚበላ ሰው ውጤቱን ብቻ አይቶ አይተወው። ጠቅላላ አይጂኢ የሚባለው ደግሞ የአንጀት ትላትል ባለበትም ከፍ ስለሚል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አይጂጂ የሚባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል የሚለኩና ረጅም የክልክል ምግብ ዝርዝር የሚያወጡ ምርመራዎች አለርጂንም አለመስማማትንም አይለዩም፤ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

ላክቶስን ለመለየት ወተትን 2 ሳምንት ትቶ መልሶ መሞከር በአብዛኛው ይበቃል። ይህ ሙከራ ግን ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሹ አጥሮ ለሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ክልክል ነው፤ እሱ የሚፈተነው አድሬናሊን ባለበት፣ ባለሙያ ፊት ነው። ለሴልያክ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ የደም ምርመራውና የአንጀቱ ናሙና እስኪወሰድ ድረስ ዳቦና ገብሱ መበላት አለበት። ቀድሞ የተወ ሰው አንጀቱ ስለሚያገግም ምርመራው ሕመሙን ሊስተው ይችላል።

በጋራ ማዕድ እንዴት ይኖራል?

አለርጂ ላለበት ልጅ ከባዱ ነገር ጉርሻ ነው። ፍቅር ያለበት እጅ አይብና እንቁላል ነክቶ ይመጣል። የልጁ ድርሻ ሌላው እጁን ሳይሰድ በፊት በራሱ ሳህን ይነሳ፤ የሚያጎርሰው ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ በውኃ ማለቅለቅ ብቻ ፕሮቲኑን አያነሳም። አያቶች፣ ጎረቤቶች፣ የጽዋ ማኅበርተኞችና አስተማሪው ስሙን ጠርተው ይወቁት፦ «ወተት አይወድም» ሳይሆን «ወተት ያፍነዋል» ተብሎ ይነገራቸው። «የጾም ነው» የሚለው ቃልም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ድስቱና ማማሰያው ትናንት ቅቤ የነካ ሊሆን ይችላል።

ወተት የተከለከለ ሕፃን እናቱ ጡት ማጥባቷን ትቀጥል። በሰገራው ላይ የደም ክር ከታየ ሐኪም እሷ ራሷ ወተት እንድትተው ሊነግራት ይችላል። ልጁ ክብደቱ በየወሩ ይመዘን፤ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየሙን ይተኩለታል።

አለርጂ ለሌለበት ጨቅላ ግን ምግብ ማዘግየት አይጠቅምም። በለንደን የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 640 ጨቅላዎችን የተከተለ ጥናት ኦቾሎኒን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ የቀመሱት ልጆች ከተከለከሉት ይልቅ አለርጂው በጣም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። በ6 ወር ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር በደንብ የበሰለ እንቁላልና ገንፎው ውስጥ የተደባለቀ ልም የኦቾሎኒ ዱቄት ይግባ፤ ሙሉ ፍሬው ግን ስለሚያንቅ አይሰጥ። ከባድ ችፌ ያለበት ጨቅላ ብቻ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

እንቁላል የሚያሳብጠው ልጅ የኩፍኝ ክትባቱን አይለፍ፤ ክትባቱ ለእሱም ደህና ነው። የቢጫ ወባው ግን ከእንቁላል ጋር ስለሚገናኝ አስቀድሞ ለክትባት ሰጪዋ ይነገራት።

የወተትና የእንቁላል አለርጂ ልጁ ሲያድግ በአብዛኛው ይለቃል፤ የኦቾሎኒና የዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ በሁለት ዓመቱ ወተት የተከለከለ ልጅ ክልከላው እንዲሁ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ አይቀጥል፤ በየዓመቱ ሐኪም ይየው፣ ጊዜው ሲደርስም የመጀመሪያዋን ማንኪያ እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ ይቅመስ።